አስማ ቢንት ዑመይስና የመርከቧ ሰዎች ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ አንባቢ ሆይ! ስለ ሀበሻው ሂጅራ ሲነሳ የጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ንግግርና የነጃሺ ፍትሕ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ከቁረይሾች ግፍ ሸሽተው፣ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ሴቶችም እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አንዷ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቅያ ነበረች። በነጃሺ ችሎት የተባለውን ለትውልድ ያስተላለፈችልንም እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት።

ዛሬ ላስታውስህ የፈለግሁት የጃዕፈርን ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ.) ነው። አስማ በሀበሻ ምድር ለዓመታት ኖራለች፤ ልጆቿን ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚሁ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.)፣ ኸይበር በተከፈተበት ጊዜ፣ ስደተኞቹ በመርከብ ተጉዘው ወደ ነቢዩ ተመለሱ።

አንድ ቀን አስማ የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ.) ገብቶ አገኛትና፣ ወደ መዲና በመሰደድ ስለቀደሙ ከሀበሻ ስደተኞች ይልቅ ለአላህ መልእክተኛ የሚቀርቡት እነርሱ እንደሆኑ ነገራት። ዑመር ወንዶች እንኳ የሚፈሩት ሰው ነበር። አስማ ግን አልተሸማቀቀችም። እነርሱ ከነቢዩ ጎን ሆነው የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ የሀበሻ ስደተኞች ከዘመድ ርቀው በሰው አገር በችግርና በፍርሃት እንደኖሩ፣ ይህንንም ለአላህና ለመልእክተኛው ሲሉ እንደቻሉ በቁጣ መለሰችለት። ጉዳዩን ለነቢዩ ሳታቀርብ እህል ውሃ እንደማትቀምስ ማለች። ደግሞም ሳትዋሽና ሳትጨምር እንደምትናገር ቃል ገባች።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተው ፈረዱላት። ዑመርና ባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው የመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና የመርከቧ ጓዶች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህን የምሥራች ከአንደበቷ ይሰሙ ነበር። አንዲት ሴት ተናግራ የስንቱን ወንድ ሐቅ አስከበረች!

ይህ የዑመርን ታላቅነት አይቀንስም፤ ሐቅ ከሰው ሁሉ በላይ መሆኑን ግን ያሳየናል። በማግሥቱ ዓመት ጃዕፈር በሙእታ ሸሂድ ሲሆን፣ አስማ የቲሞቿን ይዛ በኢማኗ ጸንታለች።

ውድ ወንድሜ! አላህ በሱረቱ ኒሳእ (4፥7) ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ንብረት ለሴቶችም ድርሻ ወስኗል። ከአባቷ ውርስ የተከለከለች እህት ወደ ኮሚቴው ወይም ወደ ሽማግሌዎች ስትመጣ «ከወንድሞችሽ ጋር አትጣዪ፣ ተይው» ብለን ብንመልሳት፣ የማንን ሱንና ተከተልን እንላለን? ነቢያችን አስማን ቁጭ ብለው ሰሟት፤ ከዚያም በሐቅ ፈረዱ። አንቺም እህቴ፣ ሐቅሽን ስትጠይቂ እንደ አስማ ሳትጨምሪና ሳትፈሪ ተናገሪ።

አላህ ሐቅን ከሚናገሩት፣ ሲነገራቸውም ከሚሰሙት ያድርገን። አሚን።