አልሠራ ያለ ዕቃ ያገናኛቸው ሰዎች

«ኢንፎወርልድ» የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ሳምንታዊ የ1997ን ምርጥ የቴክኒክ ድጋፍ ሰጪ ሲመርጥ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽልማቱን ወጥቶ የሚቀበል ድርጅት አልነበረም። ተሸላሚው «የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ማኅበረሰብ» ነበር። ይህ ማኅበረሰብ ዋና መሥሪያ ቤት የለው፣ ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ የለው፣ ለአገልግሎቱ የሚያስከፍለው ሣንቲም የለው። የነበሩት ማታ ከሥራና ከትምህርት ሲመለሱ፣ በአካል አይተውት የማያውቁትን ሰው «የድምፅ ካርዴ ዝም አለ» የሚል አቤቱታ አንብበው መልስ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። በደመወዝ የሚሠሩ ባለሙያዎች የነበሯቸው ኩባንያዎች በእነዚህ ሰዎች ተበለጡ።

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ብሩህ ተማሪ ገድል ሆኖ ይቀርባል። ገድሉ ውሸት አይደለም። እኔ ግን ሥርዓቱን ለዛሬ ያበቃው የጠያቂው ብዛት ነው ባይ ነኝ። የተማሪው ችሎታ የተፈተነው በሌሎች ሰዎች ብልሽት ነው።

ተማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ይባላል። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በጥር 1991፣ ኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር በየወሩ እየከፈለ ሊጨርስ ገዛ። ያኔ ለተማሪዎች በርካሽ የሚገኘው ሥርዓት አንድሩ ታነንባም የተባሉት ፕሮፌሰር አምስተርዳም ውስጥ ለማስተማሪያ የጻፉት ሚኒክስ ነበር። ቶርቫልድስ ከቤቱ ሆኖ በሞደም ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት ፕሮግራም አማረውና ራሱ ጻፈ። ከዚያ ፋይል ማስቀመጥ ፈለገ፤ ለዚህ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን የሚያዝዝ ድራይቨር ያስፈልጋል። እንዲህ አንዱ ጉድለት ሌላውን እየጎተተ፣ ሳያስበው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየጻፈ ራሱን አገኘው።

ሐምሌ 3 ቀን 1991 ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች የላከው መልእክት ጥያቄ ነበር፤ ፖዚክስ የተባለው፣ የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መለኪያ የሆነው ሰነድ የት እንደሚገኝ ነው የጠየቀው። ሰነዱን በነፃ ማግኘት አልሆነለትም። ነገር ግን ጥያቄውን ካዩት አንዱ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አሪ ሌምኬ፣ ለዚህ ሰው ሥራ በፊንላንድ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ቦታ ሰጠ። ቶርቫልድስ ሥራውን «ፍሪክስ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ሌምኬ ስሙ ስላልጣመው ፎልደሩን «ሊኑክስ» ብሎ ከፈተው። ነሐሴ 25 ቀን ደግሞ ያ ዝነኛ ማስታወቂያ ወጣ፦ ነፃ ሥርዓት እየጻፍኩ ነው፣ ለጨዋታ ያህል ነው፣ ሚኒክስ ላይ የምትወዱትንና የምትጠሉትን ንገሩኝ። እርሱ ካለው የዲስክ ዓይነት ሌላ ሊያሠራ እንደማይችልም በግልጽ ጽፏል። በመስከረም የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ወደ 10 ሺሕ መስመር የሚጠጋ ኮድ ነበረው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶርቫልድስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውል ብሎ፣ የመደወያውን ትእዛዝ ለሞደሙ በመላክ ፈንታ ለሃርድ ዲስኩ ላከው። ዲስክ ስልክ አይደውልም፤ ትእዛዙ ሚኒክስ የተጫነበትን ክፍል ደምስሶ በላዩ ተጻፈ። ሚኒክስን እንደገና ከመጫን ይልቅ ሙሉ በሙሉ በራሱ ሥርዓት ለመሥራት ወሰነ። ከእንግዲህ አንድ ነገር ካልሠራ የሚሸሽበት ሌላ ሥርዓት የለውም፤ ሊኑክስ የጠነከረበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል።

ከገና በፊት አንድ ጀርመናዊ ጻፈለት። ማሽኑ ያለው 2 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ስለሆነ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ አልሠራለትም። ቶርቫልድስ ራሱ 4 ሜጋባይት ስለነበረው ችግሩ አልደረሰበትም። የ1991ን ገና ግን ሜሞሪ ሲሞላ ትርፉን ዲስክ ላይ አቆይቶ ሲፈለግ የሚመልስ ስልት ሲጽፍ አሳለፈ። ሚኒክስ ይህ አልነበረውም። ሰዎች ወደ ሊኑክስ መጉረፍ የጀመሩትም ከዚህ በኋላ ነው። ከአሁን በኋላ ሰፊ ሜሞሪ መግዛት ያልቻለ ተማሪም ሊጠቀምበት ይችላልና።

ገንዘብ እንላክልህ ላሉት ቶርቫልድስ ፖስትካርድ እንዲልኩለት ነገራቸው። ካርዶቹ ከጃፓን፣ ከኒውዚላንድ፣ ከአሜሪካ እየመጡ ሲደራረቡ፣ ደብዳቤ የምትቀበለው እህቱ ሣራ ወንድሟ የሚሠራው ነገር ቁም ነገር እንደሆነ የገባት ያኔ ነው ይባላል። በኋላ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተዋጥተው የኮምፒውተሩን ቀሪ ዕዳ ከፈሉለት።

ሥርዓቱን ከማሽን ማሽን ማዳረስ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። በአሜሪካ ሚኒሶታ ፓትሪክ ቮልከርዲንግ የተባለ ተማሪ፣ በወቅቱ የተሠራጨው ቅጂ ስሕተት ስለበዛበት፣ ለራሱና ለፕሮፌሰሩ እያረመ ሰበሰበው። ሌሎችም ስጠን ሲሉት በሐምሌ 1993 «ስላክዌር» ብሎ ለቀቀው፤ ዛሬም በሕይወት አለ። ያ የመጀመሪያው እትም 24 ፍሎፒ ዲስክ ይፈጅ ነበር። ፍሎፒ የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዲስኮቹን ተራ በተራ እያስገቡ፣ ማሽኑ እያንጓጓ እያነበበ፣ 23ኛው ላይ «ማንበብ አልቻልኩም» ቢል ሌላ ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ፍለጋ መውጣት ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ቡድኖች በየከተማው የተመሠረቱበት አንዱ ሰበብ ይኸው ነው። ሰዎች በዕረፍት ቀን ኮምፒውተራቸውን ከነሞኒተሩ ተሸክመው ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይመጣሉ፤ የሚያውቀው ለማያውቀው ይጭንለታል።

ከጫኑ በኋላ ደግሞ ስክሪኑ አለ። በዚያ ዘመን ስዕላዊውን ገጽ የሚያሳየው «ኤክስፍሪ86» የተባለ ሶፍትዌር ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ አንዱ መስመር በምን ፍጥነት እንደሚሣል በቁጥር እንዲነገረው ይፈልግ ነበር። ቁጥሩ ከሞኒተሩ አቅም ካለፈ፣ አሮጌ ሞኒተር ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የልምድ ምክሩ እንዲህ ነበር፦ የሞኒተሩን መመሪያ ፈልግ፤ መመሪያው ከጠፋ ተመሳሳይ ሞኒተር ያለው ሰው ፈልግና ቁጥሩን ለምነው፤ ስክሪኑ ማፏጨት ከጀመረ ኮንትሮል፣ ኦልትና ባክስፔስን ባንድ ላይ ተጭነህ ግደለው። አንድ ሰው በግምትና በድንጋጤ ያገኘው መስመር፣ ያንኑ ሞኒተር የገዛ ሌላ አህጉር ላይ ያለ ሰው ሳይደነግጥ ይገለብጠው ነበር።

እነ ማት ዌልሽና ላርስ ዊርዜኒየስ በ1992 የጀመሩት የሊኑክስ የሰነድ ሥራም ከዚህ ወጣ። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ከመጣ መልሱ «እንዴት ይደረጋል» የሚል መመሪያ ሆኖ ይቀመጣል። ድራይቨሮቹም እንዲሁ ነው የመጡት። የድምፅ ካርዱን የፊንላንዱ ሃኑ ሳቮላይነን፣ ብዙዎቹን የኔትወርክ ካርዶች ደግሞ በናሳ የሠራው ዶናልድ ቤከር ጻፏቸው።

ፕሪንተር የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ ራሱ ከፕሪንተር ይጀምራል። በ1980 አካባቢ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት ሲጣበቅ ላዘዙት ሰዎች መልእክት እንዲያደርስ አድርጎ የድሮውን ፕሪንተር ሶፍትዌር አስተካክሎት ነበር። አዲሱ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ግን ከነኮዱ አልመጣም። ኮዱ ያለውን የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪ ሲጠይቀው «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» የሚል መልስ አገኘ። በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ያወጀው ይህን ቂም ይዞ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሊኑክስ ከርነሉን፣ ማለትም አስኳሉን፣ ሲያመጣ ግኑ ኮምፓይለሩንና ሌሎቹን መሣሪያዎች አምጥቷል፤ ከ1992 ጀምሮም ሊኑክስ በግኑ ፈቃድ ነው የሚሠራጨው።

የሊኑክስ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ፕሪንተሮችን በየሞዴሉ መዝግበው ማዕረግ ሰጧቸው፦ ፍጹም የሚሠራ፣ በአብዛኛው የሚሠራ፣ በከፊል የሚሠራ። የመጨረሻው ማዕረግ «የወረቀት መጫኛ» ነበር፤ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው በላዩ ከማስቀመጥ ሌላ አይጠቅምም ማለት ነው። ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ገንዘቡን አዳነ። የ90ዎቹ መጨረሻ ርካሽ ሞደሞችም ከዚሁ ጎራ ናቸው፤ አምራቾቹ ቺፑን ቀንሰው ሥራውን ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ስላስተላለፉት፣ ሊኑክስ ላይ ሲሰኩ ትንፍሽ አይሉም።

ዋይፋይ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነ። ካርቶኑ ያው፣ ስሙ ያው፣ የሞዴል ቁጥሩ ያው ሆኖ በውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው መልስ ሰጪ «ምን ካርድ ገዛህ?» የማይለው። «ማሽኑ ራሱ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተሰኩትን ካርዶች የሚዘረዝር ትእዛዝ ያስጽፍና ውጤቱን ላክልኝ ይላል። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ዝም ባለባቸው ዓመታት፣ በጎ ፈቃደኞች የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር ፈታትተው የራሳቸውን ጻፉ፤ ኩባንያው ክፍት ድራይቨር የለቀቀው በ2010 ነው። በ2012 ሄልሲንኪ አካባቢ በሚገኘው አልቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፗ እንዳስቸገራት ለቶርቫልድስ ነገረችው። ለኩባንያው በካሜራ ፊት የመሃል ጣቱን አሳየ። ኤንቪዲያ የከርነል ክፍሎቹን ኮድ የከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም፤ እንዲያ አድርጎ መጻፍ ታሪኩን ማበላሸት ነው። ጀማሪን «መመሪያውን አንብብ!» ብሎ በስድብ ማባረር የተለመደ ነበር። የፕሮግራም ጸሐፊው ኤሪክ ሬይመንድ በ2001 ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ ረጅም መመሪያ ጻፈ። ምክሩ ደኅና ነው፤ ድምፁ ግን ተማሪ የሚያስፈራ የኔታ ድምፅ ነው። ቶርቫልድስ ራሱ በመስከረም 2018 ለቁጣው በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቀ። በ2004 የመጣው፣ ኡቡንቱ የተባለው የደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የሊኑክስ ሥርጭት የተወደደበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ከመነሻው የጨዋነት ደንብ ይዞ መምጣቱና ጀማሪን ያለማሳፈሩ ነው። ለዓመታት ሲዲውን በፖስታ፣ ለጠየቀው ሁሉ በነፃ፣ ወደየአገሩ ይልክ ነበር።

የእኛም ጉዳይ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሮች የግዕዝን ፊደል በማያውቁበት በ90ዎቹ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችን በላቲን ሆሄያት ወጥ ሆኖ የሚጻፍበትን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ኢማክስ በተባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ግዕዝ እንዲጻፍ አደረገ። ዩኒኮድ በ1999 ፊደሉን ሲቀበል መንገዱ ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛን፣ አፋርኛንና ሌሎቹን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቁ ፋይሎች አዘጋጅቶ ሊኑክስ በሚጠቀምበት መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ አስገባ። ለግዕዝ ቋንቋ የተሠራው ፋይል በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ በሀለሐመ፣ ሌላው በአበገደ ቅደም ተከተል። ይህን ግድ የሚለው የንግድ ድርጅት የለም፤ ግድ ያለው ሰው ግን በነፃ ሠራው። ፍጹም ነው ማለት አይደለም። በሥሩ ያለው የዘመን አቆጣጠር የአውሮፓ ስለሆነ፣ በአማርኛው ፋይል ወራቱ መስከረምና ጥቅምት መሆናቸው ቀርቶ የፈረንጅ ስሞች በእኛ ፊደል ተጽፈው ነው የሚታዩት።

ቶርቫልድስ የጀመረበትን የ386 ፕሮሰሰር ሊኑክስ በ2012 መጨረሻ መደገፍ አቁሟል። ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የአንድሮይድ ስልክ የያዘ አንባቢም በኪሱ ይዞታል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ አዲሱን ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉ ግን ያልደከሙ ብዙ ላፕቶፖች አሉ። ሊኑክስ ልትጭኑባቸው ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ከፍላሽ ላይ አስነሥታችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ሞክሩ፤ ዲስኩን ሳትነኩ ይቻላል። አንዱ እንቢ ብሏችሁ በኋላ ከተሳካላችሁ፣ የዕቃውን ሞዴል፣ የቺፑን ስምና ያደረጋችሁትን በአማርኛ ጻፉት። ያንኑ ላፕቶፕ የገዛ ሌላ ሰው ነገ ይፈልገዋል።