ፊሽካውና ቃለ ጉባኤው

ስሙኝማ። ሜክሲኮ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሰፈሩ ስሙን ከየት እንዳገኘ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ወደ አንድ የተረበሸ ስብሰባ ይወስደናል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ መድረኩ ወጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከጋዜጠኞች ሰገነት ፊሽካው ቀለጠ። የጣልያን ጋዜጠኞች ናቸው፤ ያፏጫሉ፣ ይሳደባሉ። ንጉሡ ዝም ብለው ቆሙ። የሩማንያው ልዑክ ቲቱሌስኩ ግን አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ «እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ!» ሲል ጮኸ። ፖሊስ ገባና ፉጨተኞቹን አወጣቸው። ንጉሡም በአማርኛ ተናገሩ።

ልብ በሉ፤ የተባረረው መራራ ነገር የተናገረው ሰው አይደለም። ከመራራማ የንጉሡ ንግግር ይብስ ነበር፤ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን እንዴት እንደዘነበ፣ ቃላቸውን ላጠፉት መንግሥታት ፊት ለፊት ነገሯቸው። የተባረረው ሌላው እንዳይሰማ የከለከለው ነው።

ከተሰሙ በኋላስ? ሳምንት ሳይሞላ ጉባኤው በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወሰነ። ጸጥ ብሎ ያዳመጠ አዳራሽም ይከዳል! ሜክሲኮ ግን የጣልያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ጸናች፤ አደባባያችን በስሟ የተጠራው ለዚህ ውለታ ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው አንዱን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ «ኢትዮጵያ» አሉት፤ ኋላ ደግሞ «የግልጽነት አደባባይ» የሚል ጨመሩበት። ይቺን ግልጽነት ያዙልኝ።

አሁን ከጄኔቭ ወደ ልደታ እንውረድ። የ1967ቱ አዋጅ 47 ቀበሌን ከወለደ ወዲህ የከተማ ሰው ያረጀው ስብሰባ ላይ ነው። የወረዳ ስብሰባ እንበል፤ የትኛው ወረዳ አትበሉኝ፣ ትረካ ነው። ጥሪው ለሦስት ሰዓት፣ ሰብሳቢው የሚደርሰው አራት ተኩል። ሪፖርት ይነበባል፣ ይነበባል። ከዚያ «ጊዜ ስለሌለን ሦስት ሰው ብቻ!» አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ ቤታችን ይፈርሳል ይባላል። መቼ ነው? ወዴትስ ነው የምንሄደው?»

«እማማ፣ ይሄ ከአጀንዳ ውጪ ነው።»

«የኔ አጀንዳ እኮ ቤቴ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ፦ «ሥነ ሥርዓት! ስብሰባ አትረብሹ!»

ማን ነው የረበሸው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጋ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት ሰጥቶታል። ግልጽነቷን ያዙልኝ ያልኋችሁ፣ አንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ስለሚል ነው። የ2011ዱ አዋጅ 1161ም ሲወጣ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አወያዩ ብሎ ነበር። የእማማ ጥያቄ ከአጀንዳ ውጪ ከሆነ ታዲያ ውስጡ የነበረው ምንድን ነው?

በሌላ በኩል፣ ማይክ ነጥቆ ሃያ ደቂቃ የሚሳደበውን ጎረምሳ ጀግና ነው አልላችሁም። የነጠቀው ከሰብሳቢው ሳይሆን እጃቸውን አውጥተው ተራ ከሚጠብቁት ጎረቤቶቹ ነው። ሰብሳቢውማ በልቡ ይመርቀዋል፤ ስብሰባውን ለመበተን ሰበብ አገኘ!

እማማ ግን አልጮኹም፤ እስከ መጨረሻው ቁጭ አሉ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ «ሰፊ ውይይት ተደርጎ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብሎ ሲያነብ እንደገና እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ በር ላይ የፈረምኩት መጥቻለሁ ብዬ ነው። ተስማምቻለሁ አላልኩም። ጥያቄዬን ከነስሜ ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «በቃ ጻፈው» አለ።

ተጻፈ። እማማ አሁንም አልተቀመጡም።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉት።