ሮቤና ጎባ፦ «እርቅ» ሲባል ማን ነው የሚሰበሰበው?

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና አማራ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ግን ሐምሌ 2010 ጎባ ላይ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት አልፏል። ጥቅምት 2012 ደግሞ በኦሮሚያ ከተሞች በተነሳው ሁከት መንግሥት 86 ሰው መሞቱን ገልጿል። መከላከያ ከገባባቸው ቦታዎች አንዱ ባሌ ሮቤ ነበር።

ወታደር ግጭት ያስቆማል፣ ጎረቤት ግን አያስታርቅም። እዚህ ላይ ነው የከተማና የዞን አስተዳደሩ ስብሰባ የሚጠራው፦ አባ ገዳዎች፣ ሀደ ሲንቄዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች።

ሀደ ሲንቄ ምንድነው ለምትሉ፦ ሲንቄ አንዲት የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። ሴቶች እሷን ይዘው በሚጣሉ ሰዎች መሃል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። አልፎ መሄድ ነውር ነው። ነፍስ ከጠፋ ደግሞ ጉማ አለ፤ የገዳይ ወገን ካሳ ከፍሎ ከሟች ቤተሰብ ጋር በሥርዓት ይታረቃል።

ይሄ ነገር አሁን የሽማግሌ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል።

ችግሩስ? ጉማ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲያምንበት ነው። ጎባ ላይ ግን አንዱ ተጣይ ባህሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። «የእነሱ ሽማግሌ» ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለዚህ ነው የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤው አብሮ መቀመጡ የግድ የሚሆነው። ቄሱና ሼኹ አንድ መድረክ ላይ ሲታዩ ቢያንስ ሁለቱም ሰፈር ይሰማል።

ሌላው፣ እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ፣ ስብሰባው በጭብጨባና በፎቶ ማለቁ ነው። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ካሳ ካላገኘ፣ ያቃጠለውም ካልተከሰሰ፣ ምን ታረቀ ይባላል? የአስተዳደሩን ሥራ መለካት ከፈለጋችሁ ፎቶውን ተዉትና ከስድስት ወር በኋላ ሱቁ ተከፍቶ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

ስልክ ለያዝን ሁሉ አንድ ነገር፦ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል።