የጤና ተማሪዎችና የመግቢያው ፊዚክስ፦ ከጎንደር እስከ ነቀምቴ

ለጤና ሙያ የሚዘጋጅ ተማሪ ፊዚክስን ስለ ምን ይማራል? ጥያቄው በየዘመኑ ይነሣል። መልሱን ለማግኘት ትምህርቱ በኢትዮጵያ ያለፈበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ደግሞ የሕክምና ዕጩዎች መሠረታዊ ሳይንሶችን አስቀድመው በሳይንስ ፋኩልቲ እንዲማሩ ተደረገ። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የመሰናዶ ደረጃ ስላደረጋቸው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ቀረ። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ሥራ የጀመረው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጋራው ዓመት ሲመለስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች፣ የጤናዎቹም ጭምር፣ የሦስት ክሬዲት ሰዓት አጠቃላይ ፊዚክስ እንዲወስዱ ተወሰነ።

ኮርሱ ከእንቅስቃሴ ሕግጋት ተነሥቶ ፈሳሾችን፣ ሙቀትን፣ ሞገድን፣ ብርሃንንና ኤሌክትሪክን ይዳስሳል። ለጤና ተማሪ የሚኖረው ፋይዳ በነቀምቴ ከተማ፣ ለምሳሌ በባኬ ጃማ ሰፈር፣ በግልጽ ሊታይ ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚመከንበት አውቶክሌቭ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው መለኪያው በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ ነው። መለኪያው የሚያነበው ግን በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለሆነም በነቀምቴ በ15 ፓውንድ የእንፋሎቱ ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል፤ 121 ለመድረስ ከ18 ፓውንድ በላይ ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ መለኪያውን አምኖ፣ በሚገባ ያልመከነ መሣሪያ ለሕመምተኛ ሊያቀርብ ይችላል።

ሌላው ችግር የቋንቋ ነው። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ግፊትን «ዺባ» ማለት የለመደ ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። ቀመሩን በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ቀድሞ ከሚያውቀው ቃል ጋር ካልተገናኘ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ይረሳል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረው ኮርሱን ማንሣትና መመለስ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። መምህራን ምሳሌዎቻቸውን ከደም ግፊት፣ ከግሉኮስ ጠብታና ከአውቶክሌቭ ቢወስዱ፣ የፕላን አዘጋጆችም ለቤተ ሙከራና ለቃላት መፍቻ ቦታ ቢሰጡ፣ ተማሪው ፊዚክስን የሙያው አካል አድርጎ ይቀበለዋል።