በሰው ወርቅ የደመቁ
የፈንድ አስተዳዳሪዎች ሙያና ደመወዝ፤ አጭር የታሪክ ሐተታ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለብዙው ሰው ይሠራ ይሆናል፤ የሌላውን ገንዘብ ተረክበው፣ አክሲዮንና ቦንድ እየገዙና እየሸጡ ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ግን ጨርሶ አልሠራም። እነዚህ ሰዎች የፈንድ አስተዳዳሪዎች ይባላሉ። በሰው ወርቅ እንደነሱ የደመቀ ማን አለ? በየዶርማችን ይህን ሙያ የሚመኝ አይታጣምና፣ ደመወዙ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ በታሪክ መመርመሩ አይከፋም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1868 ለንደን ውስጥ «ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል ገቨርንመንት ትረስት» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መጠነኛ ጥሪት ያለው ሰው ገንዘቡን ሁሉ በአንድ መንግሥት ቦንድ ላይ ቢያውልና ያ መንግሥት ዕዳውን አልከፍልም ቢል፣ ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙ ሰዎች ግን እንደ ዕቁብ ገንዘባቸውን አዋጥተው የግብፅንም፣ የቱርክንም፣ የፔሩንም፣ በጠቅላላው 18 ዓይነት ቦንድ ቢገዙ አንዱ ሲከስር ሌላው ያካክሳል። ዕቁብ ደግሞ ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ አይሆንም። የፈንድ አስተዳዳሪ ማለት በመነሻው ይኸው ነው፤ የብዙ ሰው ዕቁብ ዳኛ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1873፣ ሮበርት ፍሌሚንግ የሚባል የስኮትላንድ ወጣት የዳንዲ ከተማ ሀብታሞችን ገንዘብ ወደ አሜሪካ ቦንዶች፣ በተለይም ወደ ባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች የሚያሻግር ትረስት አቋቋመ። ፍሌሚንግ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በቢሮ ሥራ የተቀጠረ የድሃ ልጅ ነበር። በኋላ ግን የትልቅ ባንክ ባለቤትና ከብሪታንያ ባለጸጎች አንዱ ለመሆን በቃ። (የጄምስ ቦንድን ልብ ወለዶች የጻፈው ኢያን ፍሌሚንግ የልጅ ልጁ ነው።) ሰውየው አትላንቲክን ደጋግሞ እየተሻገረ፣ ገንዘብ የሚያውልበትን ኩባንያ በዓይኑ እያየ ነበር የሚሠራው። የሙያው የመጀመሪያ ክብር የመጣው ከዚህ ነው፤ ባለገንዘቡ ሊያይ የማይችለውን ሄዶ ከማየት።

አሜሪካኖቹ ሥራውን ለሰፊው ሕዝብ ያዳረሱት በ1924 ነው። በዚያ ዓመት በቦስተን የተቋቋመው «ማሳቹሴትስ ኢንቨስተርስ ትረስት» አባሉ በፈለገ ጊዜ ድርሻውን በዕለቱ ዋጋ መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ፈቀደ። ዛሬ የጋራ ፈንድ የምንለው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ይሁንና ስድስት ዓመት ሳይሞላ የ1929 ውድቀት ደረሰ። በ1928 መጨረሻ በ104 ዶላር የተሸጠው የጎልድማን ሳክስ ትሬዲንግ ኮርፖሬሽን አክሲዮን በ1932 ከ2 ዶላር በታች ወረደ። ያመነው ሕዝብ አለቀሰ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ አስተዳዳሪው የሚከፈለው በምን መለኪያ ነው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከተጠራቀመው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ መቶኛ መቁረጥ ነው፤ ገንዘቡ አተረፈም ከሰረም ይቆረጣል። ሁለተኛው ከትርፉ ድርሻ መውሰድ ነው። ያገራችን የእኩል አራሽ ሁለተኛውን በመጠኑ ያውቀዋል፤ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላል። ልዩነቱ ዝናብ ሲቀር ነው። አራሹ የዓመት ድካሙን ይዞ አብሮ ይራባል፤ ከትርፍ የሚካፈል አስተዳዳሪ ግን ሲከስር ከኪሱ አይከፍልም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1940 ባወጣው ሕግ የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ከደንበኞቻቸው ትርፍ ድርሻ እንዳይወስዱ የከለከለውም ለዚህ ነው፤ ትርፉን ተካፍሎ ኪሳራውን የማይካፈል ሰው በሰው ገንዘብ ቁማር መጫወት ይቀለዋል።

ሕግ ባለበት ግን ቀዳዳ አይጠፋም። አልፍሬድ ዊንስሎው ጆንስ በሶሲዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፣ በጋዜጠኝነት የሠራ ሰው ነበር። በ1949 ከጓደኞቹ ጋር 100,000 ዶላር አሰባስቦ ሥራ ጀመረ፤ ከዚህ ውስጥ 40,000ው የራሱ ነበር። ሽርክናው የጥቂት ሰዎች ስለነበረ ሕጉ አልነካውም። ጆንስ ከትርፉ 20 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ለዚህም የጥንት ፊንቃውያን መርከበኞች ከተሳካ ጉዞ ትርፍ አንድ አምስተኛውን ይወስዱ እንደነበር ይጠቅስ ነበር። ልብ በሉ፤ ጆንስ ትርፍ ከሌለ ምንም አይወስድም፤ የራሱም ጥሪት እዚያው ውስጥ ነበር። ዛሬ ሄጅ ፈንድ የሚባለው አባቱ እሱ ነው። ተከታዮቹ ግን 20ውን ይዘው በላዩ ላይ በየዓመቱ የሚቆረጥ 2 በመቶ ጨመሩበት።

2 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ እስቲ እናስላው። ፈንዱ 1 ቢሊዮን ብር ቢይዝ 2 በመቶው 20 ሚሊዮን ብር ነው። አስተዳዳሪው በዓመቱ 100 ሚሊዮን ቢያከስርም 20 ሚሊዮኑ አይቀርበትም። ስለዚህ ለአስተዳዳሪው ገንዘቡን ከማሳደግ ይልቅ ገንዘብ መሰብሰቡ ይበልጥ ያዋጣል ማለት ነው።

ለዚህ የጄራልድ ሳይ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። ሻንጋይ ተወልዶ አሜሪካ የመጣው ሳይ በፊደሊቲ ኩባንያ ስሙን ካስጠራ በኋላ በ1966 የራሱን «ማንሃተን ፈንድ» ከፈተ። 25 ሚሊዮን ዶላር ይገባል ሲባል 247 ሚሊዮን ጎረፈ። በ1968 ድርጅቱን ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ፈንዱ አብዛኛውን ዋጋውን አጣ። ሻጩ ከበረ፤ አባላቱ ከሰሩ።

በዚያው በ1968 ማይክል ጄንሰን የሚባል ምሁር ከ1945 እስከ 1964 የነበሩትን የ115 ፈንዶች ውጤት መርምሮ አወጣ። በአማካይ ሲታይ፣ የአስተዳደር ወጪያቸው ሳይቀነስ እንኳ፣ ገበያውን ዝም ብሎ ገዝቶ ከማስቀመጥ የተሻለ ነገር አላደረጉም። ጆን ቦግል ደግሞ በ1951 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ጋራ ፈንዶች የጻፈ ሰው ነው፤ አዎን፣ እንደኛው ተማሪ ሆኖ። ቦግል በ1976 አክሲዮን የማይመርጥ፣ የገበያውን ዝርዝር እንዳለ ብቻ የሚገዛ ርካሽ ፈንድ ለሕዝብ አቀረበ። 150 ሚሊዮን ዶላር ተስፋ ተደርጎ 11.3 ሚሊዮን ብቻ ተሰበሰበ፤ «የቦግል ቂልነት» እየተባለም ተሳቀበት። ዛሬ እንዲህ ዓይነት የኢንዴክስ ፈንዶች በትሪሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዘዋል።

በእውነቱ ጎበዝ አስተዳዳሪ የለም ማለት አይደለም። ፒተር ሊንች ከ1977 እስከ 1990 ማጀላን ፈንድን ሲመራ በዓመት በአማካይ 29 በመቶ ገደማ አሳድጓል። ግን ሊንች በታሪክ የተመዘገበው እንደሱ ያለው ብርቅ ስለሆነ ነው። ዋረን ባፌት ለአሥር ዓመት የተወራረደውም በዚህ ላይ ነበር። ከ2008 እስከ 2017 እሱ የመረጠው የኢንዴክስ ፈንድ በጠቅላላው 125.8 በመቶ ሲያድግ፣ ተከራካሪዎቹ የመረጧቸው በሄጅ ፈንዶች ላይ የሚያውሉ አምስት ፈንዶች ከመካከላቸው የተሻለው 87.7፣ የመጨረሻው 2.8 በመቶ ብቻ አደጉ። ክፍያው ግን አልተቋረጠም።

ታዲያ የሙያው ተስፋ ምንድን ነው? መንገዱ ረጅም ነው። ጀማሪው ለዓመታት ተንታኝ ሆኖ የኩባንያ ሒሳብ ያገላብጣል፤ ሊንችም የጀመረው እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ በ1963 የተጀመረውን ባለ ሦስት ደረጃ የሲ ኤፍ ኤ ፈተና ይፈተናሉ። ከጫፍ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ጆን ፖልሰን በ2007 በአሜሪካ የቤት ብድር ውድቀት ላይ ተወራርዶ ያገኘው ገቢ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል፤ ነገር ግን የአንዱን ሰው ሎተሪ አይቶ ሙያ መምረጥ ብልኅነት አይደለም። ለተራው አስተዳዳሪ ዘመኑ እየጠበበ ነው፤ የኢንዴክስ ፈንድ መራጭ ስለማያስፈልገው ክፍያው በየዓመቱ ወደ ታች ይጎተታል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአገራችን የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2021 ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። የጋራ ፈንዶችም መከተላቸው አይቀርም፤ የመምህሩና የነርሷ ቁጠባ ለአስተዳዳሪ ይሰጣል። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ40 ዓመት ወደ 150,000 ይጠጋል፤ ከ7ቱ ላይ 2 በመቶ በየዓመቱ ቢቆረጥ ግን ወደ 70,000 ብቻ ይሆናል። ከግማሽ በላዩ የሄደው ወደ አስተዳዳሪው መንገድ ነው ማለት ነው።

ከመካከላችን ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ፣ ወይም የወንበሩን ደንብ የሚጽፍ ይኖራል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ይከፈለኛል?» ሳይሆን «ገንዘቡ ሲከስር እኔስ ምን አጣለሁ?» የሚለው መሆን አለበት። ጆንስ ለዚህ መልስ ነበረው፤ 40,000 ዶላሩ ከጓደኞቹ ገንዘብ ጋር እዚያው ነበር።