የግቢ ወለል፤ ጣውላ ወይስ ድንጋይ?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የታሪክ ሳይሆን የአናጢና የግንበኛ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም አንድ ሰው ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ፤ በግቢው ውስጥ ማታ ማታ ወጥቶ የሚቀመጥበትን ሥፍራ በጣውላ ያንጥፈው ወይስ በድንጋይ የሚለው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሲመረመር የቆየ ታሪክ ያለው ሆኖ ይገኛል። ከእኛ በፊት የነበሩት በየዘመናቸው መልስ ሰጥተውበታል፤ መልሱን የዘነጋን እኛ ነን።

በአዳማ፤ በሞጆ፤ በመቂና በባቱ ለሚኖር ሰው የግቢ መቀመጫ ቅንጦት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያርፍበት የዋለ የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ቶሎ አይበርድምና፤ ከቢሮ የተመለሰ ሠራተኛ ልብሱን ለውጦ ነፋስ የሚቀበለው ከደጅ ነው። ቡናም የሚፈላው፤ እንግዳም የሚስተናገደው፤ ልጆችም የሚያጠኑት እዚያው ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያደረገኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። አባቴ በምድር ባቡር አገልግለው በጡረታ የተገለሉ፤ በአዳማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጡረታቸው በቆጠቡት ገንዘብ ከቤታቸው ፊት ለፊት መቀመጫ ሊያሠሩ አስበው ምክር ጠየቁኝ። እኔም በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ በአበባ መካከል የተዘረጋ ያማረ የጣውላ ወለል አይቼ ነበርና፤ «አባባ፤ ጣውላ ይሁን» አልኋቸው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ተገዛ፤ ወለሉም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተዘረጋ። በመጀመሪያው ዓመት ያየው ሁሉ አደነቀው። ሦስተኛው ክረምት እንዳለፈ ግን፤ በአንድ የእሑድ ቀን አክስቴ ቡና ሊያፈሉ ረከቦቱን ይዘው ሲራመዱ ጣውላው ከእግራቸው በታች ተሰበረ። እግራቸውም ተጎድቶ ሁለት ወር ያህል ከቤት ሳይወጡ ቆዩ። ስብራቱ ሲገለበጥ ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ጣውላ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ተገኘ። ሥራው የምስጥ ነበር።

አባቴ አልተቆጡኝም። «ልጄ፤» አሉኝ፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የተራመድሁበት ሐዲድ በእንጨት ፈንታ በብረት ላይ የተጋደመው ለምን እንደ ሆነ ሳላስብ መቅረቴ ነው።» ይህ ቃል ከአእምሮዬ ስላልጠፋ፤ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ አገር የግቢ መቀመጫ ጣውላም ድንጋይም አልነበረም፤ የዛፍ ጥላ ነበረ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የገዳ ሸንጎ ሲሰበሰብ የኖረው በኦዳ ሥር ነው። ይህም የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በደጋውም ቢሆን የመንደር ዳኝነትና ምክር በዋርካ ሥር ይካሄድ ነበር። የቤቱ ወለል በእበት የተለቀለቀ አፈር ሲሆን፤ መቀመጫው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ይህ ሁሉ ወጪ የማይጠይቅ፤ ሲበላሽም በአንድ ቀን የሚታደስ ነበር።

ባለ ጠጎችና ነገሥታት ግን ከዚህ አልፈው ሠሩ። በአክሱም የዱንጉርን ፍርስራሽ የጎበኘ ሰው፤ ወለሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ መሆኑን ይመለከታል። የዚያ ዘመን ግንበኞች እንጨትን አልናቁም። በድንጋዩ ግድግዳ መካከል የእንጨት አግዳሚ እያስገቡ፤ ጫፉንም «የዝንጀሮ ራስ» በሚባለው ዓይነት ወደ ውጭ እያወጡ ይገነቡ ነበር። የዚህን ሥራ ምሳሌ እስከ ዛሬ ቆሞ በሚታየው በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እናገኘዋለን። ሊስተዋል የሚገባው ነገር የሁለቱ አቀማመጥ ነው። ቤቱ በደረጃ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል፤ እንጨቱ ከእርጥብ አፈር ርቆ ከላይ ይውላል። እርጥበትንና እግርን የሚቀበለው ድንጋዩ ነው፤ ግድግዳውን የሚያያይዘውና ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው።

የጣውላ ወለልና የጣውላ በረንዳ በከተማ ኑሯችን ውስጥ በሰፊው የገባው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የህንድና የአርመን ባለ ሙያዎች ከአገራችን አናጢዎች ጋር ሆነው፤ ዙሪያቸውን በእንጨት በረንዳ የተከበቡ፤ ደረጃቸውና አጥራቸው በጥርብ እንጨት ያጌጡ ቤቶችን ሠሩ። በረንዳ የሚለውም ቃል በህንድ አገር በኩል በዓለም የተሰራጨ ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፤ የሼኽ ሆጀሌ ቤትና የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚያ ዘመን መታሰቢያዎች ናቸው። እነዚህ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ ለመቆየት የቻሉበት ምክንያት አለ። ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ በረንዳውም ከጣራ በታች ሆኖ ከዝናብ የተጠበቀ፤ በድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠ ነው። በዚያን ጊዜም ጽድ በቅርብ ይገኝ ነበር። የጽድ እንጨት እምብርት ምስጥ የማይደፍረው መሆኑን አጥር የሚያጥር ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ነገር ግን እንጨት ሁለተኛ ጠላት አለው፤ እርሱም እሳት ነው። በጥር ወር 2007 ዓ. ም. በጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። የከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ፤ ዕጣን አጢሶ ቡና የሚያፈላ ሕዝብ በጣውላ ላይ ሲቀመጥ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

አሁን ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ በ1890 ዓ. ም. ተጀምሮ፤ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ. ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ መንገድ የሚበዛው ክፍሉ በቆላና በወይና ደጋ የሚያልፍ ነበር። በብዙ አገር ሐዲድ የሚጋደመው በእንጨት ላይ ሲሆን፤ በእኛ አገር ግን ሐዲዱን የተሸከሙት አግዳሚዎች ከብረት የተሠሩ ነበሩ። ሙቀትና ምስጥ ባለበት ምድር እንጨትን በአፈር ላይ አጋድሞ ረጅም ዕድሜ መጠበቅ ከንቱ ነውና። በመስከረም 2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠራም አግዳሚዎቹ የኮንክሪት ሆኑ። እነሆ፤ በመቶ ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሁለት የባቡር መንገዶች ስለ አንድ መሬት የሰጡት ምስክርነት አንድ ነው። አባቴ ያሉኝም ይኸንኑ ነበር።

አዳማ ራሷ የዚህ የባቡር መንገድ ልጅ ናት ለማለት ይቻላል። ስሟ በኦሮምኛ ከቁልቋል ስም የመጣ ሲሆን፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ሰይመዋት ቆይታ በ1992 ዓ. ም. የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል። በ1946 ዓ. ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፤ በ1952 ዓ. ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ሲጠናቀቅ፤ ከየአውራጃው ሠራተኛ እየመጣ ሰፈረባት። የመጣውም ሰው ቤት የመሥራት ልማዱን ከደጋው ይዞ መጣ። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ልማድ በባቡር ተሳፍሮ ይመጣል፤ አየሩና መሬቱ ግን አብረው አይመጡም።

ይህ መሬት እንዴት ያለ ነው? ስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ምድር ነው። በአዳማ ዙሪያ ያለው አፈር በብዙ ሥፍራ አመዳምና ልል ስለሆነ፤ ውሃ ሲገባበት ይሰምጣል፤ ይቦረቦራልም። በሐምሌና በነሐሴ ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ ከተማይቱን እንደሚያስቸግር ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ደግሞ መረሬ ይበዛል፤ እርሱም በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። በነሐሴ 1898 ዓ. ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮም በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ለወራት የቆየው መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱም አዳማ ድረስ ተሰምቷል።

በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ሁለቱን ወለሎች በሚዛን እናስቀምጣቸው። በጣውላ በኩል የሚነገረው መልካም ነገር እውነት ነው። ለእግር ይለሰልሳል፤ እንደ ጥቁር ድንጋይ ሙቀት አያከማችም፤ ተዳፋት በሆነ ሥፍራ መሬት ሳይቆፈር በምሶሶ ላይ ሊዘረጋ ይችላል፤ ሲነቃነቅም አይሰበርም። ነገር ግን እነዚህ ጥቅሞች የሚገኙት እንጨቱ ጥሩ ሲሆን ነው። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል፤ በመድኃኒት ካልተነከረም አፈር ሲነካ የምስጥ ቀለብ ይሆናል። ዝግባ መልኩ ያማረ ቢሆንም ምስጥን አይችልም። ምስጥን የሚችሉት ጽድና ወይራ ናቸው፤ እነርሱ ግን ከተራራው ላይ እያለቁ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከአንድ ሰው ግቢ ያልፋል። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፤ ዝግባን፤ ወንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የነበረው የግራር ደን በአብዛኛው ከሰል ሆኖ በጆንያ ተጭኖ ሄዷል። በላንጋኖ ምሥራቅ የሚገኘው የሙኔሳ ደን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሆኖ እንኳ ከመጥረቢያ ዕረፍት አላገኘም። በየዓመቱ ከፀሐይና ከዝናብ በታች ለሚበሰብስ ወለል ሲባል ዕድሜው ከእኛ የሚበልጥ ጽድ መጣል ለልጆቻችን የምንተወውን ጥላ መሸጥ ነው።

ድንጋይም ያለ ነቀፋ አይደለም። ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይ ከዋለበት ባዶ እግር አያስረግጥም፤ ውሃ ከቆመበት ያንሸራትታል፤ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ከተነጠፈ ጎድጎድ ይላል። በአንድ ላይ የተለሰነ የስሚንቶ ወለልም መሬቱ ሲሰምጥ ከመሰንጠቅ አይድንም። ሆኖም አንድ በአንድ ተለቅሞ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የሰመጠው ተነሥቶ፤ አሸዋ ተጨምሮበት በዚያው ቀን ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ድንጋዩ የአገሩ ነው። እሳተ ገሞራ በስምጥ ሸለቆ ያከማቸልንን ቀይ ጠጠርና የጥርብ ድንጋይ በሩቅ አንፈልገውም።

ይህን ሙያ ዳግመኛ ያስተማረን የኮብልስቶን ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በድሬዳዋ ተጀምሮ፤ አዳማን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ጎኑ 10 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ እየጠረቡ መንገድ ማንጠፍ ለብዙ ሺህ ወጣቶች እንጀራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ድንጋይ መጥረብን እንደ ውርደት የቆጠረና ያላገጠ ሰው አልጠፋም። ነገር ግን አክሱምን የሠራው እጅ ድንጋይ የጠረበ እጅ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አያላግጥም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከታች ድንጋይ፤ ከላይ እንጨት ይሁን። መሬቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተቆፍሮ ይጠቅጠቅ፤ ቀይ ጠጠር ይደልደልበት፤ በላዩ ስስ አሸዋ ይነስነስና ድንጋዩ ይነጠፍ። ጠርዙ በትልልቅ ድንጋይ ይያዝ። ውሃ ወደ ቤቱ እንዳይመለስም ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። እንጨቱ ደግሞ አፈር ሳይነካ በድንጋይ እግር ላይ ቆሞ ዳሱን ይሸከም፤ ወንበርና አግዳሚ ይሁን። ወይን ወይም ሌላ ሐረግ ከለበሰ ጥላው የድንጋዩን ሙቀት ያስቀረዋል። ቦታው ለሚበቃው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ጥላ ግን ዛሬ የሚተከል ዛፍ ነው።

የአባቴ ግቢ በዚህ አኳኋን እንደገና ተሠራ። ወጪው ለሁለተኛ ጊዜ ከጡረታቸው ላይ እንዳይወጣ እኔ ከፈልሁ፤ ምክሩ የእኔ ነበርና። ሥራው ያለቀ ዕለት አክስቴ ቡና ሊያፈሉ መጡ። ረከቦቱን ከማስቀመጣቸው በፊት በዚያ በተጎዳው እግራቸው ድንጋዩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ፈተኑት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ቄጠማውን ጎዘጎዙ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከውጭ አገር የሚመጣ አሳብ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በረንዳውም ባቡሩም ከውጭ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ አሳቡን ከመቀበላችን በፊት በምን መሬት ላይ እንደምናቆመው እንጠይቅ። ከአንድ ደመወዝተኛ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ በቀላሉ አይመለስም፤ የሽማግሌ እግርም በቀላሉ አይጠገንም።

ለሚቀጥለው ሳምንት በጤና ያገናኘን። ደኅና እደሩ።