የዳኛ ቃልና ሜዳሊያ

የፎቶግራፍ ውድድር ዕድሜ ከፎቶግራፍ ሙያ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ሙያው በ1839 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለዓለም ከተገለጸ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በለንደንና በፓሪስ የፎቶግራፍ ማኅበራት ተቋቁመው ትርዒት ማዘጋጀትና ሥራን ከሥራ ማበላለጥ ጀምረው ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየአገሩ የታደለው ሜዳሊያ ስፍር ቁጥር የለውም። አብዛኛውም ከተሸላሚው ጋር አብሮ ተረስቷል። ሳይረሳ የቀረው አንዳንድ ዳኞች ከፍርዳቸው ጋር የተናገሩት ምክንያት ነው። ይህ ምክንያት ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ እንዴት ትምህርት እንደ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜም ትምህርት መሆን ሲገባው እንዴት ጠብ ሆኖ እንደ ቀረ ለመረዳት፣ ከለንደን ወደ በርሊን፣ ከበርሊንም ወደ አሜሪካ የሚወስደውን የጥቂት ሰዎች ታሪክ መከተል ይበቃል።

ወይዘሮ ጁልያ ማርግሬት ካሜሮን ካሜራ በእጃቸው የገባው በ1863 መጨረሻ፣ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስጦታውን ያበረከቱላቸው ሴት ልጃቸውና የልጃቸው ባል ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውም በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን ሲሆኑ መጫወቻ እንዲሆናቸው ነበር። ወይዘሮዋ ግን ጨዋታ አላደረጉትም። የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አድርገው ሌት ተቀን ይሠሩ ጀመር፤ በማግሥቱም ዓመት ሥራቸውን በለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ትርዒት ላይ ሰቀሉ። ባለቅኔውን ቴኒሰንን፣ ሊቁን ሰር ጆን ሄርሼልን፣ በኋላም ዳርዊንን የመሰሉ የዘመኑ ታላላቅ ሰዎች በካሜራቸው ፊት ተቀምጠዋል።

የማኅበሩ ሰዎች ሥራውን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። መጽሔታቸው በ1865 ባወጣው ሒስ ለወይዘሮዋ ድፍረት ምስጋና አልነፈገም፤ ነገር ግን ድፍረቱ የተገኘው ሌላውን የፎቶግራፍ ባሕርይ ሁሉ በመሠዋት ነው ብሎ ደመደመ። ፊቱ ደብዛዛ ነው፣ ፎከሱ አልተስተካከለም፣ ፕሌቱ ላይ ጭረትና የጣት አሻራ ይታያል የሚል ክስ ተደረደረ። ወይዘሮ ካሜሮን በበኩላቸው ለወዳጃቸው ለሄርሼል በጻፉት ደብዳቤ፣ ትክክለኛው ፎከስ ይህ ነው ብሎ ለመወሰን ማን ሥልጣን ሰጠው? ሲሉ ጠየቁ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአንድ የሒስ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ቀርበዋል። የፊቱ ልስላሴና ድብዛዜ የባለሙያዋ ምርጫ ነበር፤ አስበውበትና ፈልገውት ያደረጉት ነው። የፕሌቱ ቆሻሻና ጭረት ግን የእጅ ጉድለት ነው። ሐያሲው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ስለ ከተታቸው ሁለቱም አብረው ተወረወሩ። ይሁን እንጂ ወይዘሮዋ ምክር የማይሰሙ ግትር ነበሩ ማለት ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። በ1869 የኔጋቲቮቻቸው ልባስ እየተሰነጣጠቀ ባስቸገራቸው ጊዜ መፍትሔ ፍለጋ የሄዱት ወደዚያው ወደ ነቀፋቸው ማኅበር ነው። ስለ ኬሚካሉ ጠየቁ፤ ስለ ፎከሱ ግን አልጠየቁም። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው የአበው ብሂል ለእሳቸው ጉዳይ የሚሠራው በግማሹ ብቻ ነው።

በለንደን የተነቀፈው ሥራ በርሊን ሲደርስ ሌላ ዕድል ገጠመው። በ1865 በተደረገው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ትርዒት የነሐስ፣ በተከታዩም ዓመት የወርቅ ሜዳሊያ ለወይዘሮ ካሜሮን ተሰጠ። በርሊን ውስጥ በዚያን ዘመን የፎቶግራፍን ሳይንስ በማስፋፋት ግንባር ቀደም የነበሩት ፕሮፌሰር ሔርማን ቪልሄልም ፎገል ናቸው። ፎገል የኬሚስትሪ ሰው እንደ መሆናቸው መጠን በጥራት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ወደ እሳቸው ክፍል በ1880ዎቹ መጀመሪያ ምሕንድስና ሊማር ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወጣት ገባና ምሕንድስናውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ይህ ወጣት አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ነው። መምህሩ ነጭ የጄሶ ሐውልት ከጥቁር ከፋይ ጋር አድርጎ እንዲያነሣ ባዘዙት ጊዜ፣ ነጩም ጥቁሩም ዝርዝሩ ሳይጠፋ በአንድ ፕሌት ላይ እስኪወጣለት ድረስ እየደጋገመ እንደ ሠራ ይነገርለታል። እንግዲህ ስቲግሊትዝ ከፎገል ያገኘው እጁን ነው። ዓይኑን ያገኘው ከሌላ ሰው ነው።

በ1887 የእንግሊዙ አማተር ፎቶግራፈር መጽሔት የዕረፍት ጊዜ ሥራዎችን ሲያወዳድር፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ ስቲግሊትዝ በዚያ በጋ ኢጣልያ ውስጥ ያነሣቸውን ሥዕሎች ከበርሊን ላከ። ዳኛው ዶክተር ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ነበሩ። ኤመርሰን የሕክምና ሙያቸውን ትተው በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረግ አገር የሚኖሩትን ሸምበቆ አጫጆችና ዓሣ አጥማጆች በማንሣት የታወቁ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ የትርዒቱን ግድግዳ የሞላው በስቱዲዮ ውስጥ ልብስ አልብሰው፣ ብዙ ኔጋቲቭ ቆራርጠው እየቀጠሉ የሚያዘጋጁት ድራማ መሰል ሥዕል ነበር። ኤመርሰን ይህን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ፎቶግራፍ ከተፈጥሮ መነሣት አለበት፤ ሌንሱም የሰው ዓይን እንደሚያየው ዋናውን አጥርቶ የቀረውን ሊያለሰልስ ይገባል ይሉ ነበር። በ1889 ያሳተሙት መጽሐፍም ይህንኑ ያስተምራል።

ከቀረቡት ሥራዎች መካከል ኤመርሰን ለአንደኛነት የመረጡት በኮሞ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቤላጂዮ የተነሣውንና ሰዎች በአንድ ቀልድ ሲስቁ የሚያሳየውን የስቲግሊትዝን ሥዕል ነው። ሽልማቱ የብር ሜዳሊያና ሁለት ጊኒ ነበር። ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመው ምክንያቱ ነው። ዳኛው ሥዕሉን የመረጡት ከሌሎቹ የጠራ ወይም በወጉ የታተመ ስለ ሆነ አልነበረም፤ በመላው ውድድር ውስጥ ሳይዘጋጅ በድንገት የተገኘ ሕይወት ያዩት በዚህ ሥራ ላይ ብቻ በመሆኑ ነው። ለወጣቱ ይህ ቃል ምን እንዳደረገለት መገመት አያዳግትም። ስለ ጄሶና ስለ ከፋይ ለዓመታት የደከመ ሰው፣ ዋጋ ያለው ነገር ከቤተ ሙከራው ውጭ እንደሚገኝ በዳኛ አፍ ተነገረው።

ፍሬው የታየው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት 1893 ኒውዮርክ በበረዶ ማዕበል ስትናጥ፣ ስቲግሊትዝ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ይዞ አምስተኛው ጎዳና ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆመ። ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ በረዶውን እየሰነጠቀ በትክክለኛው ስፍራ እስኪደርስ ጠበቀ። ኔጋቲቩን አጥቦ ለክበቡ ባልደረቦች ሲያሳያቸው አንዱ፣ ይህ የደበዘዘ ነገር ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው እንጂ አለው። እንደ ስቲግሊትዝ አነጋገር ከሆነ ያ ኔጋቲቭ ለእሱ የአዲስ ዘመን መጀመሪያ ነበር። አልጣለውም፤ ነገር ግን እንዳለም አላተመውም። ዳርዳሩን ቆርጦ፣ ዓይንን የሚያዘናጋውን አስወግዶ፣ ሠረገላውንና በረዶውን አስቀረ። የባልደረባው ቃል ስለ ድብዛዜው ስሕተት ነበር፤ በፕሌቱ ላይ መወገድ ያለበት ነገር መኖሩን ግን ስቲግሊትዝ ራሱ አይቷል።

ዳኛው ኤመርሰን በዚህ መካከል ምን ሆኑ? በ1890 ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ኸርተርና ድሪፊልድ፣ የብርሃን መጠንና የኔጋቲቭ ጥቁረት በቋሚ ሕግ የተሳሰሩ መሆናቸውን አሳተሙ። ኤመርሰን ይህን ካዩ በኋላ፣ ፎቶግራፍ አንሺው እንደ ሠዓሊ የብርሃኑን ደረጃ በፈቃዱ ሊያዝ ካልቻለ ሥራው ሥነ ጥበብ ሊባል አይችልም ከሚል ውሳኔ ደረሱ። የቀድሞ ትምህርታቸው መሞቱን የሚያውጅ፣ ዙሪያው እንደ መርዶ በጥቁር መስመር የታጠረ ትንሽ ጽሑፍም አሳተሙ። ዳኛ የራሱን ፍርድ እንዲህ በአደባባይ ሲሽር ማየት ብርቅ ነው። ስቲግሊትዝ ግን አብሮ አልተመለሰም። ዳኛው የተዉት ሐሳብ በተፈረደለት ሰው እጅ በሕይወት ቆየ።

ከዚያ ወዲህ የሜዳሊያው ነገር ራሱ አጠያያቂ ሆነ። በ1892 ለንደን ውስጥ ከነባሩ ማኅበር ጋር ያልተስማሙ ባለሙያዎች የተያያዘው ቀለበት የሚባለውን ክበብ መሠረቱ፤ በማግሥቱ ዓመት በከፈቱት ሳሎን ሜዳሊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ተመርጦ መሰቀል ራሱ ሽልማት ነው አሉ። ሐሳቡ የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን ተመርጦ መሰቀል ሽልማት ከሆነ፣ ሳይመረጥ መመለስ ምክንያት የሌለው ቅጣት ይሆናል። ሥራው ተመልሶ በፖስታ ቤት የመጣለት ሰው ከወረቀቱ ጀርባ አንድ ቃል እንኳ አያገኝም ነበር። የሜዳሊያው መቅረት የትምህርቱን ችግር አልፈታውም።

በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ሳሎን በ1898 ሲከፈት ከአምስቱ ዳኞች የሚበዙት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ በ1899 ግን ፍርዱ በሙሉ በፎቶግራፍ አንሺዎች እጅ ሆነ። ከነዚህ አንዱ ክላረንስ ኋይት ነው። ኋይት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኒውአርክ በምትባል ከተማ በአንድ የጅምላ ሸቀጥ ነጋዴ ቤት የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነበር። በሳምንት ከሁለት ፕሌት በላይ ለመግዛት ዐቅሙ ስለማይፈቅድ፣ ከሥራ ሰዓት በፊት በማለዳ የሚያነሣውን አስቀድሞ በሐሳቡ አጠናቅቆ ይነሣ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ ፎቶግራፍ ያልተማረ ሰው ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሌላው ጀማሪ ችግር የገባው።

በ1900 ኋይት ለቺካጎ ሳሎን ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ከሚልዋኪ የመጡ የአንድ የማተሚያ ቤት ሥዕል ሠራተኛ ፎቶግራፎች ዓይኑን ሳቡት። ያነሣው ኤድዋርድ ስታይከን የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ኋይት ሥራውን በመቀበል ብቻ አላበቃም። ወጣቱ ሌላውን የማይመስል የራሱ አመለካከት እንዳለው፣ ይህም ሊበረታታ እንደሚገባው ገልጾ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ለስቲግሊትዝም ስሙን አስተላለፈ። ስታይከን በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ሲሻገር ኒውዮርክ ላይ ስቲግሊትዝን አገኘው፤ ስቲግሊትዝም ሦስት ሥዕሎቹን እያንዳንዳቸውን በአምስት ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ይህ ሰው በ1955 በኒውዮርክ ዘመናዊ ሙዚየም ከ68 አገሮች የተውጣጡ 503 ፎቶግራፎችን መርጦ ያቀረበው የሰው ልጅ ቤተሰብ የተባለው ትርዒት አዘጋጅ ነው። ከሰማንያ ዓመቱ በኋላ፣ በ1963 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥም የዚያን ዳኛ ደብዳቤ አልዘነጋም።

ኋይት የዳኝነቱን ልማድ ወደ ክፍል አስገባው። በ1907 በኮሎምቢያ ማስተማር ጀመረ፤ በ1914 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ወደ 1917 ግድም ከተማሩት አንዷ በ1936 የስደተኛዋን እናት ሥዕል ያነሣችው ዶሮቲያ ላንግ ናት። ላንግ የተሰጣትን መልመጃ አዘውትራ እንዳልሠራች፣ ሆኖም ኋይት ተማሪውን እንደ ራሱ እንዲያነሣ የማያስገድድ፣ ያለውን ዕይታ አይቶ የሚያበረታ መምህር እንደ ነበረ በኋላ ዘመን ተናግራለች።

በኪነ ጥበብ ሳሎኖች ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ከእንጀራቸው ጋር የሚታገሉት የስቱዲዮ ባለሙያዎች የራሳቸውን መንገድ አበጁ። በ1880 በቺካጎ የመጀመሪያ ጉባኤውን ያደረገው የአሜሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር፣ በኋላ የአሜሪካ ሙያተኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች የተባለው፣ ሥራን ከመቶ ነጥብ የሚመዝን ሥርዓት አቋቋመ። ሰማንያና ከዚያ በላይ ያገኘ ሥራ ለሙያ ማዕርግ የሚቆጠር ምልክት ያስገኝ ነበር። ሥዕሉ ስም ሳይጠራ በመብራት ሥር ይቆም፣ ዳኞቹ አንድ በአንድ ያዩት፣ ነጥቡም ይነገር ነበር። ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሳሎኑ ዝምታ ብዙም ባልተሻለ። ሥርዓቱን ያዳነው አንድ ደንብ ነው፦ በነጥቡ ያልተስማማ ዳኛ ተቃውሞውን አሰምቶ ምክንያቱን በጉባኤ ፊት ይናገር፣ ሌላውም ይመልስለት፣ ከዚያ ሥራው እንደገና ይመዘን ነበር።

የሥዕሉ ባለቤት በዚህ ጊዜ ከተመልካቹ መካከል ይቀመጥ ነበር። ደንበኛው ሥዕሉን ወድዶ ገንዘቡን ከፍሎ ሄዶ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ በስቱዲዮው ውስጥ ያለቀ መስሎት ነበር። ከዚያ ግን አንዱ ዳኛ ብርሃኑ ጆሮውን ከፊቱ አስበልጦታል ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥዕሉን የተሸከመው ያው ብርሃን ነው ብሎ ሲከራከር ይሰማ ነበር። መልስ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። ነጥቡ ከሰባ ስምንት ተነሥቶ ሰማንያ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ባለበት ሊቀርም ይችል ነበር። ቀጣዩ ሥዕል በመብራቱ ሥር ሳይቆም ባለቤቱ የነበረው ጊዜ፣ ከሁለቱ ዳኞች የትኛው ስለ ምርጫው፣ የትኛው ስለ እጁ እንደ ተናገረ ለመለየት የሚበቃ ያህል ነበር።